ትራክተሩ ሲሰጥ መለኪያውም አብሮ ይሰጥ

የትራክተር ቁልፍ ርክክብ በቴሌቪዥን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማሽኖቹ በሰልፍ ይቆማሉ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ኃላፊው ቁልፉን ለማኅበሩ ሊቀመንበር ወይም ለወጣቱ ባለንብረት ያስረክባል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ከልቤ ነው የምለው። በሬው የሞተበት ገበሬ፣ ሰኔ ሲቃረብ ማሳዬ ጦም ሊያድር ነው ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ አባወራ፣ ትራክተር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ሆኖም ከቁልፉ ጋር መሰጠት የነበረበት አንድ ዕቃ ሁልጊዜ ይጎድላል። ዋጋው ከትራክተሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለእርሻ ጎማ የሚሆን የንፋስ መለኪያ ነው።

እኔ በበቾ ሜዳና በወሊሶ ዙሪያ የእርሻ ማሽን የምጠግን መካኒክ ነኝ። ወደ እኔ የሚመጡት በአብዛኛው አነስተኛ ትራክተሮች ናቸው፤ ከ30 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላቸው፣ ባለቤቶቻቸው በብድር ወይም በማኅበር የገዟቸው፣ በሄክታር እየተከራዩ የሚያርሱ። የሞተሩን ዘይት የማይቀይር ባለቤት ዛሬ ብዙም አላገኝም፤ ይህ ትምህርት ገብቷል። «ጎማህ ስንት ንፋስ ይዟል?» ስል ግን በቁጥር የሚመልስልኝ እምብዛም የለም። በእግሩ መታ አድርጎ «ጠንካራ ነው» ይለኛል። ለአብዛኛው ሾፌር የጠነከረ ጎማ ጥሩ ጎማ ነው። ይህ እምነት አፈራችንን፣ ናፍጣችንንና ጎማውን ራሱን እየበላ ነው ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

እምነቱ ከየት መጣ? ከትራክተሩ ጋር አብሮ ነው የመጣው። አዲስ ትራክተር ከፋብሪካ ሲወጣ ጎማው ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ከልክ በላይ ይነፋል፤ በመርከብና በሎቤድ ላይ ታስሮ ሲጓዝ እንዳይዘልና ማሰሪያው እንዳይላላ ነው። ይህ የጉዞ ንፋስ ነው፣ ለእርሻ አይሆንም። ሻጩ ከማስረከቡ በፊት ማስተንፈስ አለበት። በዚህ ላይ የከፍታው ነገር ይጨመራል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 25 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ያነበበ ጎማ፣ የሙቀቱን ልዩነት ለጊዜው ብንተወው፣ ማንም ሳይነካው ቱሉ ቦሎ ሲደርስ ወደ 28 ያነባል። ከ2,000 ሜትር በላይ ስንወጣ ከውጭ የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ የውስጡ በዚያው ልክ ይገናል። ሾፌሩ ትራክተሩን ሲረከብ እንዲህ ጠንክሮ ያየዋል፤ ትክክለኛው ይህ ነው ብሎ ይቀበላል፤ ትንሽ በተነፈሰ ቁጥር ወደዚያው እየመለሰ ያስነፋዋል።

ቀጥሎ የጎማው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ አለ። ማንበብ የሚችል ሾፌር እዚያ ላይ ቁጥር ያገኛል፤ እንደ ትእዛዝም ይወስደዋል። አንደኛው ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው ትልቁ ጭነትና ለዚያ ትልቅ ጭነት የሚያስፈልገው ንፋስ ነው። ሌላው፣ ብዙ ጊዜ 35 ፒኤስአይ የሚለው፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ሲገጠም ከዚህ በላይ አትንፋ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጎማው ፈንድቶ ሰው ሊገድል ይችላል። ሁለቱም ቁጥሮች ጣሪያ ናቸው። የእኔ ትራክተር፣ በእኔ ማረሻ፣ በእኔ ማሳ ላይ ስንት ይያዝ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጡም።

ጎሚስታዎቻችንን አልወቅስም። መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ የሚኖረው በአይሱዙና በሲኖትራክ ነው። የከባድ መኪና ጎማ ከ100 ፒኤስአይ በላይ ይይዛል፤ ስለዚህ ያለው መለኪያ እስከ 150 ወይም 200 የሚቆጥር ነው። በዚያ መለኪያ ላይ 12ና 20 በመርፌዋ ውፍረት ያህል ነው የሚራራቁት፤ የተጣለና የተነሣ መለኪያ ከሆነ ደግሞ ዜሮ ላይ ሆኖም 10 ሊያሳይ ይችላል። ለሲኖትራኩ 8 ፒኤስአይ ቢበዛ ወይም ቢጎድል ምንም አይደለም። ለትራክተሩ ግን 8 ፒኤስአይ ማለት የሁለት የተለያዩ ሥራዎች ልዩነት ነው።

ለምን? የተነፋ ጎማ መሬት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በውስጡ ካለው የንፋስ ግፊት ጋር ይቀራረባል፤ የጎማው ግድግዳ የራሱ ጥንካሬ ስላለው መሬት ላይ ያለው ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ አይራራቅም። ክብደቱ ሳይለወጥ ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው ይተኛል፣ የሚረግጠው ቦታ ይሰፋል፣ ብዙ ጥርስ አፈሩን ይይዛል። ንፋሱ ሲበዛ ጎማው በመሐሉ ይቆማል፤ ጭነቱ ሁሉ በጠባብ ቦታ ላይ ይወርዳል፤ በጎንና በጎን ያለው ጥርስ ሥራ ፈትቶ ይሽከረከራል። ስለዚህ «ትራክተሩ ትንሽ ነው፣ መሬት አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ወደ ታች ጠልቆ የሚገባውን ጉዳት የሚወስነው በአክስሉ ላይ ያለው ክብደት ነው፤ በሰሜን አውሮፓ ለዓመታት የተደረጉ የመስክ ሙከራዎች ከ40 ሳንቲ ሜትር በታች ያለውን አፈር የሚጠቀጥቀው በአንድ አክስል ከ6 ቶን በላይ የሚጭን ማሽን መሆኑን አሳይተዋል። በዚህ በኩል የሚያሳስበን ኮምባይነሩ ነው። ሥር የሚሰድበትና ዘር የሚበቅልበት የላይኛው አፈር ግን የሚታዘዘው ለጎማው ንፋስ ነው። 35 ፒኤስአይ የተነፋ ትንሽ ትራክተር ላይኛውን አፈር የሚጫነው፣ ሰፊ ጎማ ለብሶ በ12 ከሚሄደው ትልቅ ትራክተር ይበልጣል።

ይህ አዲስ እውቀት አይደለም። በአሜሪካ ትራክተር በብረት ጎማና በብረት ጥፍር ይሄድ በነበረበት ዘመን አሊስ ቻልመርስ የተባለው ኩባንያ የንፋስ ጎማ ሞከረ። መጀመሪያ የጭነት መኪና ጎማ አጥልቀው 70 ፒኤስአይ ነፉት፤ ከብረቱ የተሻለ ነገር አላገኙም። ቀጥለው የአውሮፕላን ጎማ አምጥተው ወደ 15 ፒኤስአይ አወረዱት፤ ያን ጊዜ ትራክተሩ ጎተተ። እ.ኤ.አ. በ1932 የፋየርስቶን ጎማ የተገጠመለት ሞዴል ዩ ለገበሬ ገበያ ቀረበ። የዛሬ ትራክተር በንፋስ ጎማ የቆመው ንፋሱ ዝቅ ስለተደረገ ነው። ዘጠና ዓመት አልፎ እኛ ወደ ከባድ መኪና ንፋስ እየተመለስን ነው።

አንድ ያየሁትን ላስቀምጥ። ባለፈው ግንቦት፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከጣሉ በኋላ፣ አንድ ባለ40 ፈረስ ጉልበት ትራክተር እምቢ አለ ተብዬ ማሳ ድረስ ተጠራሁ። የኋላ ጎማው 12.4 በ28 ነው፤ የሚጎትተው ባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ። ሾፌሩ ገና ወጣት ነው፤ ሲቀበለኝ «ጋሼ፣ ጉልበት የለውም፣ ፍሪሲዮኑ ሳያልቅ አልቀረም» አለኝ። ፍሪሲዮኑን ከመንካቴ በፊት ጎማውን ለካሁት። ግራው 31፣ ቀኙ 33 ሆነ። «ማን ነፋልህ?» አልኩት። «ከአስፋልት ስወጣ ጎሚስታ ጋ አስነፋሁት፤ እርሻ ስለሆነ ጠንከር አርገው አልኩት» አለኝ።

ሁለታችንም ፈሩ ውስጥ ተንበረከክን። በማረሻ ሥራ ላይ አንደኛው የኋላ ጎማ ሁልጊዜ የሚሄደው ቀደም ብሎ በተከፈተው ፈር ውስጥ ነው፤ ይህም ማለት የሚረግጠው ላይኛውን አፈር ሳይሆን ከማረሻው በታች ያለውን ወለል ነው። የጎማው ጥርስ የተወው አሻራ እንደተለሰነ ግድግዳ ያብለጨልጭ ነበር። ካራዬን ሰካሁት፤ ከጎን ባለው ያልተረገጠ አፈር ውስጥ እስከ እጀታው የገባው ካራ እዚህ ከጣቴ ርዝመት አላለፈም። ልጁ ካራውን ተቀብሎ ራሱ ሞከረ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ የረገጠውን ፈር ሁሉ በዓይኑ ለካው። ብዙ መናገር አላስፈለገኝም።

ከዚያ መንሸራተቱን ለካን። ይህ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው፤ ጠመኔና ሜትር ብቻ ይበቃል። በኋላ ጎማው ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ማረሻው ተነሥቶ ጎማው አሥር ጊዜ እስኪዞር ትራክተሩን ትነዱና የሄደበትን ትለካላችሁ። ከዚያ ማረሻው ገብቶ በሥራ ላይ እያለ ያንኑ አሥር ዙር ትደግማላችሁ። የእኛው ባዶውን 38 ሜትር ሄደ፤ በሥራ ላይ 29። የጎማው ዙረት ሩብ ገደማ፣ ከዚያም ጋር የሚቃጠለው ናፍጣ፣ ከንቱ ይቀራል ማለት ነው። የኋላ ጎማዎቹን ወደ 16 አወረድናቸውና ደገምነው፦ ባዶውን 37 ሜትር ተኩል፣ በሥራ ላይ 31 ተኩል። መንሸራተቱ ከሩብ ወደ አንድ ስድስተኛ ወረደ። ለባለ ሁለት ጎማ ነጂ ትራክተር ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆን መንሸራተት ደህና የሚባል ነው፤ ጨርሶ አለመንሸራተትም ትራክተሩ ከሚገባው በላይ ከብዷል ማለት ስለሆነ አይፈለግም። ወደ ደህናው ቀርበን ነበር። ፍሪሲዮኑን አልፈታሁትም።

ጤፍ በሚዘራበት አገር ይህን ስናገር የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ፤ ጠያቂዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ከባድ ነው። አንድ አባት «አንተ ልጅ፣ እኛ ለጤፍ ከብት አስገብተን ማሳውን የምናስረግጠው ምን ልናደርግ ነው ታዲያ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የጤፍ ዘር ደቃቅ ነው፤ የላላ አፈር ውስጥ ከወደቀ ጠልቆ ይቀራል፣ እርጥበቱንም አያገኘውም። ስለዚህ ገበሬው ከመዝራቱ በፊት መሬቱን በከብት ያስረግጣል። አፈርን መጠቅጠቅ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጠቅም፣ የእኛ ገበሬ ከማንም ፈረንጅ በፊት ያውቃል።

ልዩነቱ ጥልቀቱ ላይ ነው። ከብቱ የሚረግጠው ላይ ላዩን፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው፤ በማሳው ሁሉ የተዳረሰ ነው፤ የሚቀጥለው እርሻ ይፈታዋል። ፈር ውስጥ የሚሄደው የትራክተር ጎማ ግን የሚጫነው ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች፣ ማረሻው ራሱ በማይደርስበት ቦታ ላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም የሚታረሰው በዚያው ጥልቀት ስለሆነ ያንን ወለል የሚፈታው የለም፤ በላዩ ላይ ሌላ ዙር ይጨመርበታል። የበሬው ማረሻም ቢሆን በዘመናት ድግግሞሽ የራሱን ጠጣር ወለል ከ15 ሳንቲ ሜትር ገደማ በታች አበጅቷል፤ ትራክተር ሲመጣ ተስፋ ያደረግነው አንዱ ነገር ያንን ወለል ሰብሮ ሥሩን ወደ ታች እንዲያሳልፍልን ነበር። ሰብረነው ስናበቃ፣ ትንሽ ዝቅ አድርገን ሌላ ከገነባን ምን አተረፍን?

«የእኛ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቅ የለ? ራሱን ያድሳል» የሚሉኝም አሉ። እሱም እውነት አለው። መረሬው ሲደርቅ እስከ ታች ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል፤ የተጠቀጠቀውን ከፊሉን ራሱ ይፈታዋል። ቀዩ አፈር ይህ ጸጋ የለውም፤ አንዴ የጠጠረ ወለል እዚያ ለዓመታት ይቀመጣል። ግን በመረሬውም ቢሆን ጭንቀቱ የበጋ አይደለም። ጭንቀቱ ክረምት ላይ ውሃው ሳይወርድ መቆሙ ነው። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሆን የሚገመተው ይህ አፈር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃ ያቁራል፤ ስንዴው ቢጫ ይሆናል፣ ብዙ ገበሬም ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ሽንብራና ጓያ ይዘራል። ሰሜን ሸዋ ኢነዋሪ አካባቢ ሴቶች ውሃውን ለማጠንፈፍ በእጃቸው አፈር እየዘገኑ ሰፋፊ መደብ ሲያወጡ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ የሠሩት ያንን ድካም አይተው ነው። ሰው በጥፍሩ ውሃ ለማውጣት እንዲህ የሚለፋበትን መሬት፣ ውሃ እንዳያሳልፍ አድርጎ በጎማ መጠቅጠቅ ያማል።

ይህን ሁሉ ስል ዝም ብላችሁ አስተንፍሱት ማለቴ አይደለም። ንፋስ ያነሰው ጎማም የራሱ ጉዳት አለው፤ እኔ ጋ የሚመጣውም በሁለቱም ምክንያት ነው። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞራል፤ ካላማዳሪው አብሮ ይጎተትና ቫልቩ ከሥሩ ይቆረጣል። ማረሻውን አንሥቶ በጠጠር መንገድ ሲሮጥ ግድግዳው እየታጠፈ ይሞቃል፣ ውስጡ ይሰነጠቃል። ተዳፋት ላይ ትራክተሩ ይወዛወዛል፤ አነስተኛ ትራክተር ደግሞ ቁመቱ ከስፋቱ ጋር ሲታይ ለመገልበጥ ቅርብ ነው። የእኛ ትራክተሮች ኑሯቸው ግማሹ መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ከጅማው አስፋልት ይነሣሉ፣ ተጎታች ጭነው ገበያ ይደርሳሉ፣ ከሰዓት ማሳ ይገባሉ። ለመንገድ ጥሩ የሆነው ንፋስ ለማሳው ይበዛል፤ ለማሳው የሆነው ለመንገዱ ያንሳል። ስለዚህ ሾፌሩ ሁለት ቁጥር ማወቅ አለበት፤ ረጅም መንገድ ከሄደ ደግሞ ማሳው ዳር ሲደርስ አስተንፍሶ መግባት፣ ሲወጣ መሙላት። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ኮምፕረሰር ከባትሪ የሚሠራ አለ። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ይሞላል።

ትክክለኛው ቁጥር የሚወጣው ከክብደቱና ከፍጥነቱ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ትራክተር፣ ራዲያል ላልሆነው የተለመደ የኋላ ጎማ፣ የእርሻ ንፋስ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ፒኤስአይ መካከል ይወድቃል፤ የፊተኛው ቀጭን ጎማ ደግሞ ከ24 በላይ ሊፈልግ ይችላል። በመካከሉ የት እንደሚቆም የሚናገረው የጎማው ፋብሪካ የሚያወጣው ሠንጠረዥ ነው፦ በአንድ ጎማ ላይ ይህን ያህል ኪሎ ካለ፣ በዚህ ፍጥነት፣ ይህን ያህል ንፋስ። ኪሎውን ለማወቅ ትራክተሩን ማረሻው ተነሥቶ እያለ የእህል መኪና በሚመዘንበት ሚዛን ላይ የኋላውን አክስል ብቻ ማሳረፍ ነው፤ የተገኘውን ለሁለት መክፈል። አንድ ጊዜ ተመዝኖ ቁጥሩ መከላከያው ላይ በቀለም ቢጻፍ ለዓመታት ያገለግላል። ከፊቱ የመጫኛ አካፋ ያለው ከሆነ አካፋው ሞልቶ የፊቱ አክስል ይመዘን፤ ያኔ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል።

ጎማው ውስጥ ውሃ የሚሞሉም አሉ፤ ለመጎተት ክብደት ይጨምራል፤ ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ከአራት እጅ ሦስቱን ውሃ ከያዘ የቀረው አየር ጥቂት ስለሆነ ጎማው እንደልቡ አይተኛም፤ ትንሽ አየር ቢወጣም ግፊቱ ቶሎ ይወርዳል። ሲለካ ቫልቩ ወደ ላይ ይዙር፤ አለዚያ መለኪያው ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ቁጥሩም ይዋሻል። መለካት ያለበት ደግሞ ጠዋት ነው፣ ጎማው ሳይሞቅ። በእኛ ከፍታ 16 ፒኤስአይ የያዘ ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፤ ፀሐይ ላይ ውሎ ሲሠራ የቆየን ጎማ ለክቶ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ በማግስቱ ጠዋት አሳንሶ መገኘት ነው። አራቱም ጎማው የሚነዳ ትራክተር ያላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ፦ የፊትና የኋላ ጎማ ዙረት በፋብሪካ የተሰላ ነው፤ የአንዱን ብቻ ከልክ በላይ ብታስነፉ ወይም ብታስተነፍሱ ጎማዎቹ እርስ በርስ ይጓተታሉ፣ ጥርሱ ያልቃል፣ የፊቱ ማርሽ ይጎዳል።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው እውቀት የአንድ ቀን ትምህርት ነው። ለምን አይሰጥም? የሚጎዳውና የሚወስነው ሰው የተለያዩ ስለሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ። አስመጪው ትራክተሩ ተሸጦለታል። አበዳሪው የሚከታተለው የወር ክፍያውን ነው። ሾፌሩ የሚከፈለው በሄክታር ስለሆነ ማቆምና ማስተንፈስ ጊዜ ይበላበታል። ባለትራክተሩ በናፍጣው ይጎዳል፣ ግን የጎማው ንፋስ እንደሆነ አያውቅም። በመጨረሻ ከፍሎ ያሳረሰው ገበሬ ነው የጠጠረውን ወለል ይዞ የሚቀረው፤ ትራክተሩ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። በመንግሥት በኩል ማሽኑ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ መደረጉን እደግፋለሁ፤ ግን ያ መብት ግዴታ ይዞ ይምጣ። ከቀረጥ ነፃ ትራክተር ያስገባ ሁሉ ሲያስረክብ ጎማውን ወደ እርሻ ልክ አውርዶ፣ ዝቅተኛ ንፋስ የሚያነብ መለኪያ ጨምሮ፣ የዚያን ጎማ ሠንጠረዥ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በየአካባቢው ቋንቋ አትሞ ይስጥ። መልካሳና አሰላ ያሉት የእርሻ መሣሪያ ምርምር ማዕከላት በአገራችን የሚበዙትን የጎማ ልኮች በአንድ ገጽ ቢያወጡልን የየወረዳው የግብርና ባለሙያ ኪስ ውስጥ ይገባል። ኮሌጆቻችን ትራክተር ሾፌር ሲያሠለጥኑ ከመሪና ከማርሽ ጋር ጠመኔውንና ሜትሩንም ያስይዙት።

ኩታ ገጠም ላይ የሚያሳርሱ ገበሬዎች ደግሞ ማንንም መጠበቅ የለባቸውም። ከባለትራክተሩ ጋር ሲዋዋሉ ዋጋውንና ቀኑን እንደሚጽፉት ሁሉ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ትራክተሩ ማሳ ከመግባቱ በፊት የጎማው ንፋስ በባለማሳው ፊት ይለካል፤ ከተስማሙበት ቁጥር በላይ ከሆነ ይተነፍሳል። መሬቱ ጭቃ ከሆነ ደግሞ እስኪጠነፍፍ ይጠበቃል፤ የትኛውም የጎማ ልክ የረጠበ መረሬን አያድንም። ለዚህ የሚሆነውን መለኪያ ከትራክተር ዕቃ ሻጭ ካጡት የሞተር ሳይክልና የባጃጅ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ይጠይቁ፤ እስከ 50 ወይም 60 ፒኤስአይ የሚያነበው ይበቃቸዋል፤ ሲገዙት ዜሮ ላይ መቆሙን አይተው፣ ከታወቀ ደህና መለኪያ ጋር በአንድ ጎማ ላይ አመሳክረው ይውሰዱት።